የጥጃ ተቅማጥ፦ ባክቴሪያው ከአንጀት ላይ የሚጣበቀው በምን ሁኔታ ነው?

ማታ በሰላም የተወለደች፣ ቆማ የጠባች ጥጃ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማለዳ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ ጭራዋና ጭኗ በቀጭን ቢጫ ተቅማጥ ርሶ መገኘቷ ለብዙ ወተት አምራቾች እንግዳ ነገር አይደለም። ወዲያው ካልተደረሰላት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በአንዳንድ አካባቢ ምክንያቱ እንገር ነው ተብሎ ስለሚታመን ቀጣዩ ጥጃ ከመጀመሪያው ወተት ይከለከላል፤ ወይም እንገሩ ታልቦ ለቤተሰብ ይቀቀላል።

እውነታው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ በበረት ውስጥ አለ። ጥጃዋን ለመጉዳት ግን በመጀመሪያ ከአንጀቷ ግድግዳ ላይ መጣበቅ አለበት። መጣበቅ መቻሉን የሚወስኑት ደግሞ የሚኖርበት ቦታ ሙቀት፣ አሲዳማነት፣ የሚያገኘው ምግብ፣ የጥጃዋ ዕድሜና ከሁሉም በላይ እንገሩ የደረሰበት ሰዓት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ በአርቢው እጅ ናቸው።

ባክቴሪያው ምንድን ነው?

ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1885 ነበር። ስያሜው የተወሰደው ከዚሁ ሐኪም ስም ነው። ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር አምስት መቶኛ እጅ አንዱን ያህል ነው፤ 500 ያህሉ ተቀጣጥለው ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር አይዘልቁም ማለት ይቻላል።

አብዛኛው የኢ. ኮላይ ዝርያ ጉዳት የለውም። በጤነኛ ሰውም ሆነ በጤነኛ ከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ከእበት ጋርም ወደ ውጭ ይወጣል። አዲስ የተወለደችን ጥጃ ለተቅማጥ የሚዳርገው ዝርያ ከሌሎቹ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በአካሉ ዙሪያ የሚያበቅላቸው ፀጉር መሰል ዘንጎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የሚያመነጨው መርዝ ነው። ፀጉር መሰሎቹ ዘንጎች በሳይንሱ ቋንቋ ፊምብሪያ ይባላሉ። ጥጃን የሚያጠቃው ዝርያ በዋናነት የሚያበቅለው ኬ-99 ወይም ኤፍ-5 በሚል መለያ የሚታወቀውን ነው። ይኸው ዓይነት የበግ ግልገሎችንና የአሳማ ግልገሎችንም ያጠቃል።

መጣበቅ ለምን አስፈለገው?

አንጀት እንደ ወራጅ ቦይ ነው። ወተቱ፣ ውኃውና የምግብ መፍጫው ፈሳሽ ያለማቋረጥ ወደ ታች ይፈስሳሉ፤ የአንጀቱ ጡንቻም ይገፋቸዋል። በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ ባክቴሪያ የመባዛት ዕድል ሳያገኝ ከእበት ጋር ጠርጎ ይወጣል። ግድግዳውን የያዘ ግን በቦታው ይቆያል። በተመቸው ሁኔታ ኢ. ኮላይ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ፍጥነት ቢቀጥል አንድ ባክቴሪያ በስምንት ሰዓት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

ፀጉሮቹ የሚሠሩት እንደ ቁልፍ ነው። በአንጀቱ ሕዋሳት ላይ ከስኳርና ከስብ የተሠሩ፣ ተቀባይ የሚባሉ ጥቃቅን ቦታዎች አሉ። የኬ-99 ፀጉር ከእነዚህ ውስጥ ከሚገጥመው ጋር ብቻ ይያያዛል። ባክቴሪያው ከተጣበቀ በኋላ መርዙን ከሕዋሱ አጠገብ ይለቅቃል። መርዙ ሕዋሱን አይገድለውም፤ አንጀቱንም አያቆስለውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ውኃና ጨው ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚሠራውን አንጀት አቅጣጫውን አስቀይሮ ወደ ውጭ እንዲያፈስስ ማስገደድ ነው። ስለዚህ ጥጃዋን የሚገድላት ቁስል ሳይሆን የውኃና የጨው ማለቅ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ሕክምናው ሲደረስ ጠቃሚ ይሆናል።

ሙቀት፦ በጭቃው የተኛው በሆድ ይነቃል

ፀጉር ማብቀል ለባክቴሪያው ጉልበት የሚፈጅ ሥራ ነው። በበረት ጭቃ ውስጥ ደግሞ የሚጣበቅበት አንጀት የለም። ስለዚህ ባክቴሪያው ፀጉሩን የሚያበቅለው ሙቀቱን መዝኖ ነው። በቤተ ሙከራ በ18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያድግ ኬ-99 ፀጉር አያበቅልም፤ በ37 ዲግሪ ሲያድግ ግን ያበቅላል። የጤነኛ ጥጃ የሰውነት ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ሆዷ ለባክቴሪያው ምቹ ነው።

በበርካታ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ላይ እንደታየው፣ በቅዝቃዜ ጊዜ አንድ ፕሮቲን በባክቴሪያው የዘር ቅንጣት ላይ ተቀምጦ ፀጉር የሚሠራውን ትእዛዝ ይዘጋል። ሙቀቱ ሲጨምር ይህ ፕሮቲን ይለቅቃል፤ ትእዛዙም ይከፈታል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀዝቃዛ በረት ንጹሕ በረት ነው የሚል አይደለም። ቅዝቃዜው ባክቴሪያውን ትጥቁን ያስፈታዋል እንጂ አይገድለውም። በደጋው የክረምት ሌሊት፣ በእርጥብ እበትና ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያው ያለ ፀጉር ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ጥጃዋ የቆሸሸ ጡት ስትጠባ ወይም የረጠበ ጉዝጓዝ ስትልስ ወደ ሆዷ ይገባል፤ እዚያ ሙቀት አግኝቶ ፀጉሩን ያበቅላል።

አሲድና ምግብ

ሁለተኛው ወሳኝ ነገር አሲዳማነት ነው። ኬ-99 ፀጉር በደንብ የሚበቅለው አሲድ በማይበዛበት አካባቢ ሲሆን፣ አሲዱ እየበረታ ሲሄድ ምርቱ ይዳከማል። ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የቀጭኑ አንጀት ክፍል አሲዳማ ስለሆነ ለመጣበቅ አይመችም። ወደ ቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ሲደረስ አሲዱ ይቀንሳል። ባክቴሪያው በቅድሚያ መሬት የሚይዘውም በዚያ ነው።

ጎልማሳ ከብት በጨጓራዋ አሲድ ብዙ ባክቴሪያ ታጠፋለች። አዲስ የተወለደች ጥጃ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አሲድ የማመንጨት አቅሟ ገና አልዳበረም። ይህ ጉድለት አይደለም። በእንገር ውስጥ ያለው መከላከያ በአሲድ ሳይበላሽ ወደ አንጀት እንዲያልፍ ያስችላል። በዚያው በር ግን ባክቴሪያውም ያልፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጥጃዋ ሆድ ውስጥ የሚካሄደው እሽቅድምድም ነው፤ ዋናው ጥያቄም እንገሩና እበቱ ከየትኛው ቀድሞ ገባ የሚለው ነው።

ባክቴሪያው የሚያገኘው ምግብም ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ አላኒን የተባለው የፕሮቲን ቅንጣት ሲበዛ ኬ-99 ፀጉር እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህም የተነሳ ከታመመች ጥጃ የተወሰደን እበት የሚመረምር ቤተ ሙከራ ባክቴሪያውን በማንኛውም ማሳደጊያ ላይ ቢያሳድገው ፀጉሩን ላያገኘው ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ሚንካ የሚባል ማሳደጊያ አለ፤ በእርሱ ላይም በ37 ዲግሪ ማሳደግ ያስፈልጋል። ያው ባክቴሪያ በአንዱ ሰሃን ላይ አደገኛ፣ በሌላው ላይ ምንም እንደሌለው ሊመስል ይችላል ማለት ነው።

ዕድሜ፦ አደገኛዎቹ አራት ቀናት

ቁልፉ ቢኖርም የሚገጥመው ቀዳዳ ከሌለ በሩ አይከፈትም። በጥጃዋ አንጀት ላይ ያሉት የኬ-99 ተቀባዮች በተወለደችበት ወቅት ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ ግን እየቀነሱ ይሄዳሉ። በዚህ ባክቴሪያ የሚመጣው ተቅማጥ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የሳምንት ዕድሜ ያላት ጥጃ ያንኑ ባክቴሪያ ብትውጥ አብዛኛውን ጊዜ አትታመምም።

ይህ ለአርቢውም ለባለሙያውም መንገድ ጠቋሚ ነው። ከአምስተኛው ቀን እስከ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚጀምር ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንደ ሮታ ቫይረስ፣ ኮሮና ቫይረስ ወይም ክሪፕቶስፖሪዲየም ካሉ ሌሎች ተሕዋስያን ነው። ሮታ ቫይረስ ቀድሞ ከያዛት ግን ባክቴሪያው ከአራት ቀን በኋላም ሊያጠቃት ይችላል። ስለዚህ ለእንስሳት ሐኪም ከሚነገሩት ነገሮች የመጀመሪያው ጥጃዋ የተወለደችበት ቀንና ሰዓት፣ ሁለተኛው ተቅማጡ የጀመረበት ጊዜ መሆን አለበት።

እንገር ቁልፉን ይሸፍናል

የሰው ልጅ ፅንስ ሳለ ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ፀረ እንግዳ አካላትን ይቀበላል። የላም እንግዴ ልጅ ግን እነዚህን መከላከያዎች አያሳልፍም። በመሆኑም ጥጃ ስትወለድ በደሟ ውስጥ ይህ ነው የሚባል መከላከያ የላትም። ላሟ ያዘጋጀችላት ሁሉ ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው።

እንገር ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው በአንጀት በኩል ወደ ደም ገብቶ መላ ሰውነትን መጠበቅ ነው። ይህ በር የሚከፈተው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ በፍጥነት እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ሁለተኛው ሥራ እዚያው አንጀት ውስጥ የሚከናወን ነው። ላሟ ከዚህ ቀደም ባክቴሪያውን የምታውቀው ከሆነ ወይም ከተከተበች፣ በእንገሯ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት በባክቴሪያው ፀጉሮች ላይ ይለጠፋሉ። የተሸፈነ ፀጉር ደግሞ ተቀባዩን መያዝ አይችልም። ባክቴሪያው በሕይወት ቢኖርም እንኳ ከፈሳሹ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም በ24 ሰዓት አያበቃም፤ በቀጣዮቹ ቀናትም እንገር እስከጠባች ድረስ ይቀጥላል።

በተግባር ሲታይ ጥጃዋ በተወለደች በሁለት ሰዓት ውስጥ እንገር መጀመር፣ በስድስት ሰዓት ውስጥም የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል ማግኘት ይኖርባታል። 25 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ጥጃ ይህ 2.5 ሊትር ማለት ነው። ደካማ ሆና መቆም ወይም መጥባት ያልቻለች ጥጃ ተደግፋ እንድትጠባ መርዳት፣ ካልሆነም እንገሩን በንጹሕ ዕቃ አልቦ በጡጦ መስጠት ይገባል። የተረፈውን እንገር አቀዝቅዞ ማቆየት፣ ማቀዝቀዣ ያለው ደግሞ አግግሮ ለወራት ማስቀመጥ ይችላል። ሲቀልጥ ግን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እንጂ በእሳት ላይ መሆን የለበትም። ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ እንገር መከላከያው ይጎዳል። የተቀቀለ እንገር ለሰው ምግብ ይሆናል፤ ለጥጃ ግን መከላከያ አይሆንም።

ከእንገር የጠባች ጥጃ እበቷ ለስለስ ብሎ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ጥጃዋ ንቁ ከሆነች፣ ከጠባችና ከቆመች ይህ በሽታ አይደለም። እንገር ተቅማጥ ያመጣል የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ዕይታ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ ምክንያት እንገር መከልከል ግን ጥጃዋን ለእውነተኛው በሽታ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከወሊድ በፊትና በበረት ውስጥ

የእንገሩ ጥራት የሚጀምረው ጥጃዋ ከመወለዷ በፊት ነው። ላሟ ፀረ እንግዳ አካላትን ወደ ግቷ የምታከማቸው በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሳምንታት በመሆኑ፣ ከመውለዷ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብላ ብትነጥፍና በቂ መኖ ብታገኝ ይመከራል። በኬ-99 ላይ የተዘጋጁ ክትባቶች አሉ። የሚሰጡት ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት ለላሟ እንጂ ለጥጃዋ አይደለም፤ ዓላማቸው እንገሩን ማጠናከር ነው። ጥጃዋ እንገሩን ካልጠባች ክትባቱ ለእርሷ የሚሰጠው ጥቅም የለም።

በረቱን በተመለከተ ሥራው ባክቴሪያውን ፈጽሞ ማጥፋት ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ ጥጃዋ አፍ የሚገባውን መጠን መቀነስ ነው። ላሟ ከሌሎች ከብቶች ተለይታ እበቱ በተጠረገበት፣ ደረቅ ጭድ በተጎዘጎዘበት ቦታ ብትወልድ፣ ጥጃዋ ከመጥባቷ በፊት ግቷና ጡቷ ቢታጠብና ቢደርቅ ለውጡ ከፍተኛ ነው። ጉዝጓዙ ደረቅ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በላዩ ላይ ለጥቂት ጊዜ መንበርከክ ነው፤ ጉልበት ከረጠበ ጥጃዋም እርጥብ ላይ ተኝታለች ማለት ነው። የረጠበችና የበረዳት ጥጃ ዘግይታ ትቆማለች፣ ዘግይታ ትጠባለች፤ ስለዚህ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ወይም ጭድ አሽቶ ማድረቅ የእንገሩ ሥራ አካል ነው። ከእበት የሚመጣው ባክቴሪያ ከእንገሩ ቀድሞ አንጀት ከገባ፣ መከላከያው ወደ ደም የሚገባበትን መጠንም ሊቀንስ ይችላል።

ጥጃዋ ከታመመችስ?

ከላይ እንደተገለጸው የሚገድለው የውኃና የጨው ማለቅ ነው። በዚህ ተቅማጥ አንጀቱ ስለማይቆስል ስኳርና ጨው በአንድነት ሲሰጡ አብረው የሚገቡበት መንገድ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ውኃውንም ይዘው ይገባሉ። ለጥጃ የተዘጋጀው የጨውና የስኳር ውሕድ ሕይወት የሚያድነው በዚህ ነው። ውሕዱ የሚሰጠው ባለሙያ በሚያዝዘው መጠን በወተት መካከል እንጂ በወተት ምትክ አይደለም። ወተት ሙሉ በሙሉ የተከለከለች ጥጃ በረኀብ ትዳከማለች።

የአንገቷ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከወሰደ ውኃ እያለቀባት ነው። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ አፏ ከቀዘቀዘ፣ መጥባት ካቃታት ወይም መነሣት ካልቻለች በአፍ የሚሰጠው አይበቃም። ከክብደቷ 8 በመቶ ያህል ያጣች ጥጃ፣ ማለትም 25 ኪሎ ግራም ስትመዝን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ የወጣባት፣ በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጣት ስለሚያስፈልግ የእንስሳት ሐኪም ያለ መዘግየት መጠራት አለበት።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከገበያ ገዝቶ በግምት መስጠት ግን አይመከርም። መድኃኒቱ የወጣውን ውኃ አይመልስም፤ ተቅማጡ ከቫይረስ የመጣ ከሆነ ምንም አይሠራም፤ ያለ ልክ ሲሰጥም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል።

ለከተማ ነዋሪውም የሚሆን ትምህርት

ኬ-99 ፀጉር የሚይዘው ተቀባይ የሰው ልጅ አካል የማይሠራው የስኳር ዓይነት አለበት። ጥጃን የሚገድለው ይህ ዝርያ ሰውን ብዙም የማያጠቃው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ግን የታመመች ጥጃን እበት መንካት አያሰጋም ማለት አይደለም፤ ሳልሞኔላና ክሪፕቶስፖሪዲየም ከጥጃ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ጥጃዋን የሚንከባከብ ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ፣ ሕፃናትንም ማራቅ ይገባዋል።

ሰውን የሚያጠቁት የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ደግሞ የራሳቸው ፀጉሮች አሏቸው፤ በሕፃናት ላይ ለሚደርስ ተቅማጥም ከዋና ዋና መንስኤዎች መካከል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር ይመክራል። የእናት እንገር በፀረ እንግዳ አካላት የበለጸገ ሲሆን፣ በእናት ጡት ወተት ያሉ ልዩ ስኳሮችም የአንጀትን ተቀባይ ስለሚመስሉ ባክቴሪያው በስሕተት እነርሱን ይዞ ይወጣል።

የፈሳሽ ፍሰት ግን ባክቴሪያን ሁልጊዜ አይጠርግም። የሽንት ፊኛን የሚያጠቁ ብዙ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች የሚይዙበት አንድ ዓይነት ፀጉር ፈሳሹ ሲጎትተው ይበልጥ እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ፍሰቱ ሲቀንስ ይላላል፤ ሲበረታ ይጨብጣል። ስለዚህ አንድ ባክቴሪያ የሚጣበቅበት ሁኔታ ከሌላው ይለያል፤ መከላከያውም እንዲሁ።

በበረት ውስጥ ግን መልሱ ግልጽ ነው። ባክቴሪያው ሙቀት፣ የተመቸ አንጀትና ያልተሸፈነ ተቀባይ ሲያገኝ ይጣበቃል። የጥጃዋን ሙቀት መቀየር አይቻልም፤ ዕድሜዋንም ማፍጠን አይቻልም። የሚቻለው እበቱን ማዘግየትና እንገሩን ማስቀደም ነው። ለዚያ ያለው ጊዜ ደግሞ ከተወለደችበት ቅጽበት ጀምሮ የሚቆጠሩት ጥቂት ሰዓታት ናቸው።